7 ዓመት ከመደርደሪያ ጠፍቶ የተመለሰው ፕራይማቲን፦ ትንሽ ብራንድ እንዴት ተረፈ?

ደብተር
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ውይይት አንድ ወንድማችን «ትንሽ የመድኃኒት ብራንድ አንዴ ከተሸጠ አለቀለት፤ ትልቁ ይውጠዋል፣ የተረፈውን መንግሥት ይጨርሰዋል» ብሎ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እሱ ያለው ነው። እኔ ግን እንደዚያ ሳይሆን የቀረበትን አንድ ታሪክ ላምጣ። ፕራይማቲን ሚስት።

አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ የአስም ፓፍ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነበረ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ውስጡ ያለው ኤፒኔፍሪን ነው፤ አድሬናሊን የምንለው። የድሮ መድኃኒት ነው፤ የማንም የግል ምስጢር አይደለም። ሰው ገዝቶት የሚሄደው ስሙን ስለሚያውቀው ነው።

ባለቤቱ ዋየዝ የሚባል ትልቅ የመድኃኒት ኩባንያ ነበር። የሕመም ማስታገሻው አድቪልና ቫይታሚኑ ሴንትረምም የዚያው ቤት ነበሩ፤ በእነሱ መሃል ፕራይማቲን ማን ይቆጥረዋል? ከዚያ የኦዞን ጉዳይ መጣ። የድሮው ፓፍ መድኃኒቱን ወደ ሳንባ የሚገፋው ኦዞንን በሚጎዳው በሲኤፍሲ ጋዝ ነው። የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ደግሞ ሲኤፍሲ ቀስ በቀስ ከዓለም ገበያ እንዲወጣ ወስኗል። የሕክምና ፓፎች «አስፈላጊ» ተብለው ለጊዜው ታለፉ። የጊዜው ነገር ግን አለቀ። በማዘዣ የሚሸጠው የተለመደው የአስም መድኃኒት፣ የአልቡተሮል ሲኤፍሲ ፓፍ፣ በ2008 መጨረሻ ቆመ። ለፕራይማቲንም ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው) በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቀን ቆረጠለት፦ ዲሴምበር 31፣ 2011።

እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ። ካሊፎርኒያ ያለ አምፋስታር የሚባል መካከለኛ ኩባንያ ብራንዱን ከዋየዝ የገዛው በዚሁ ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለመንገድ ይፈርሳል ተብሎ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበትን ቤት ገንዘብ ቆጥሮ እንደመግዛት በሉት።

እብደት ይመስላል። ግን ፓፉን የሚያመርተው ካንተን፣ ማሳቹሴትስ ያለው አርምስትሮንግ የሚባል ፋብሪካ ነበር። አርምስትሮንግን ደግሞ አምፋስታር ቀደም ብሎ ገዝቶታል። ስለዚህ ስሙ የሄደው ዕቃውን እንዴት እንደሚሠራ ወደሚያውቀው ሰው ነው። ዋየዝ ራሱ በ2009 በፋይዘር ተጠቀለለ፤ 68 ቢሊዮን ዶላር። ፕራይማቲን በዚያ ሁሉ ዕቃ መሃል ገብቶ ቢሆን ኖሮ ለእሱ ብሎ አዲስ ጋዝ የሚፈልግ፣ አዲስ ጥናት የሚያሠራ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ የወደቀው ሌላ ነገር ላይ ነው። ኩባንያው በ2014 አክሲዮን ገበያ ስለገባ ዓመታዊ ሪፖርቱ ለማንም ክፍት ነው። የማይዳሰሱ ንብረቶች የሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ አንዲት መስመር አለች። የንግድ ምልክት፣ 29.2 ሚሊዮን ዶላር። ያቺ ፕራይማቲን ናት። ያን ጊዜ ምርቱ የለም። ሽያጩ ዜሮ ነው። መስመሯ ግን በየዓመቱ አለች። ማብቂያዋ የማይታወቅ ንብረት ተብላ ስለተመዘገበች በየዓመቱ እየተቀነሰች አትሄድም። በምትኩ በየዓመቱ ትፈተሻለች፦ ይህ ስም ዛሬም ይህን ያህል ያወጣል ወይ? የሚሸጥ ዕቃ ሳይኖርህ ኦዲተር ፊት ቁጭ ብለህ «አዎ፣ ያወጣል» ማለት አለብህ። እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ላብ እንደሚያስወጣ ያውቃል።

ኖቬምበር 2018 በአዲስ ጋዝ ጸደቀ። 2019 መደርደሪያ ላይ ተመለሰ። በ2024 የዓመት ሽያጩ 100 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። እስቲ ምን ትላላችሁ?

ሹፌሩ ዲሲ
እኔ «ሚስት» የሚለው ላይ ቆሜ ነው የቀረሁት። ሃሃ። ለማንኛውም ታሪኩ ይመቻል፣ ቀጥል።

ማታ ፈረቃ
ደብተር፣ አንተ በሂሳቡ በኩል መጣህ፤ እኔ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ልምጣ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ።

ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት አሜሪካ ገበያ የሚገባበት ሁለት በር አለው። አንዱ ሞኖግራፍ ይባላል። ኤፍዲኤ ከ1972 ጀምሮ የድሮ ንጥረ ነገሮችን በቡድን በቡድን እየመረመረ «ይህን ያህል መጠን አድርጉ፣ ይህን ጽሑፍ ለጥፉ፣ ከዚያ ሽጡ» ብሎ ያወጣው ደንብ ነው። ደንቡን ካሟላህ ለእያንዳንዱ ምርት ደጅ አትጠናም። አብዛኛው የሳል ሽሮፕና የቃር ኪኒን የገባው በዚህ በር ነው። ሁለተኛው በር ለዚያ ምርት ብቻ ሙሉ ማመልከቻ ማስገባት ነው። የሰው ጥናት አለ፣ የፋብሪካ ፍተሻ አለ፣ የዓመታት ጥበቃ አለ። ፕራይማቲን ጋዙን ሲቀይር የጠበቀው ይህ በር ነው። ያው መድኃኒት፣ ያው ስም፤ ግን እንደ አዲስ።

ፌብሩዋሪ 2014 የኤፍዲኤ አማካሪ ኮሚቴ ተቀመጠ። ይሠራል ወይ? 14 ለ10፣ ይሠራል። ያለ ሐኪም ለመሸጥ የሚያበቃ ደኅንነት አለው ወይ? 17 ለ7፣ የለውም። ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ወይ? 18 ለ6፣ አይበልጥም። ሜይ ላይ ኤፍዲኤ ማመልከቻውን መለሰው። ኩባንያው አስተካክሎ መጣ። ዲሴምበር 2016 ድጋሚ ተመለሰ።

በሁለቱም ዙር ዋናው ጣጣ ማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍና ተራ ሰው ብቻውን አንብቦ በትክክል ሊጠቀምበት መቻሉ ነበር። ኬሚስትሪው የተፈታ ነገር ነው። ያልተፈታው እኔና አንተ ነን፤ ማታ ሱቅ ገብተን፣ ትንፋሻችን እያጠረ፣ ያቺን ትንሽ ፊደል የምናነበው።

አዲሱን ሳጥን እጃችሁ ላይ ያዙት። የድሮው የመስታወት ጠርሙስ ነበር፤ ይሄኛው አሉሚኒየም ነው። ስንት እንደቀረ የሚያሳይ መቁጠሪያ አለው። ሲጀምር 160 ነው። መጀመሪያ ስትከፍተው አራቴ ወደ አየር ትረጫለህ። ከዚያ ወዲያም ከመሳብህ በፊት ነቅንቀህ አንዴ ወደ አየር። አንዴ ስበህ ካልተሻለህ አንድ ደቂቃ ጠብቀህ ሁለተኛውን። ከዚያ ቢያንስ 4 ሰዓት ትጠብቃለህ። በ24 ሰዓት ከ8 በላይ የለም። የተጠቀምክበት ቀን ሲያልቅ አፍ ውስጥ የሚገባውን ፕላስቲክ በቧንቧ ውሃ 30 ሴኮንድ ታጥባለህ። ካላጠብከው መድኃኒቱ እየደረቀ ቀዳዳውን ይዘጋዋል። ከዚያ «ይሄ ነገር አይሠራም» ብለህ ይዘኸው ትመጣለህ።

መጠኑም አንድ አይደለም። ድሮ በአንድ ርጭት 0.22 ሚሊግራም ነበር፤ አሁን 0.125 ነው። የድሮ ደንበኞች «የድሮው ይሻል ነበር፣ ይሄ ደካማ ነው» ይላሉ። ዝቅ ያለው ታስቦበት ነው።

አንድ የሚያደናግር ነገር ልጨምር። ፕራይማቲን የሚባል ኪኒንም አለ። እሱ ኤፌድሪን ነው። ከ2006 ወዲህ ኤፌድሪን ሜት ለሚባለው አደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ስለሚውል ከባንኮኒው ጀርባ ነው የሚቀመጠው፤ መታወቂያ ታሳያለህ፣ መዝገብ ላይ ትፈርማለህ። ፓፉ ግን ክፍት መደርደሪያ ላይ ነው። ሰው «ለምን አንዱን ደብቃችሁ አንዱን ታወጣላችሁ?» ብሎ ይቆጣኛል። ሁለት የተለያየ ሕግ ነው ብዬ ሳስረዳ ደግሞ ከኋላው ሰልፉ ይቆጣል።

ዶክተር ከሚኒያፖሊስ
ሁላችሁም ስለ ብራንዱ መትረፍ ታወራላችሁ። በሽተኛውስ?

እኔ የሳንባ ሐኪም ነኝ፤ ወገንተኛ ብትሉኝም ግድ የለኝም። አስም የአየር ቧንቧ መጥበብ ብቻ አይደለም። ሥሩ እብጠት ነው። ኤፒኔፍሪን ቧንቧውን ለጥቂት ጊዜ ይከፍተዋል፤ እብጠቱን አይነካውም። በዚያ ላይ ሳንባን ብቻ መርጦ አይሠራም። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ደም ግፊት ይወጣል። አልቡተሮል የመጣው እኮ ይህን ለማሻሻል ነው። ከ2019 ጀምሮ ጂና የሚባለው ዓለም አቀፍ የአስም መመሪያ ለአዋቂዎች አልቡተሮልን እንኳ ለብቻው መጠቀም አይበቃም ይላል፤ እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ አብሮ መኖር አለበት። እኛ ወደዚያ እየሄድን ሳለ አድሬናሊን መደርደሪያ ላይ ይመለሳል።

የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበርን ጨምሮ ብዙ የሙያ ማኅበራት ተቃውመዋል። የኮሚቴውን ድምፅ እህታችን ጽፋዋለች፤ 18 ለ6 ቀልድ አይደለም። ኤፍዲኤ ከ4 ዓመት በኋላ ያንን አልፎ ፈቀደ።

ደብተር፣ አንተ «ተረፈ» ስትል ደስ ብሎህ ነው የምትጽፈው። እኔ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገርህ። ፓፉን ሲስብ አድሮ ጠዋት የሚመጣ ሰው አለ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ስለተሻለው ነው የዘገየው።

ሹፌሩ ዲሲ
ዶክተር፣ ከአክብሮት ጋር ልናገር። እርስዎ ጋ ለመምጣት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል።

እኔ ኡበር ነው የምነዳው። አንድ ክረምት ኢንሹራንሴ ተቋረጠ፤ የወረቀት ስህተት ነው ተባለ፣ እስኪስተካከል ወራት ፈጀ። ለአልቡተሮል ማዘዣ ለማጻፍ ብቻ አንድ ክሊኒክ የጠየቀኝን ዋጋ ስሰማ ስልኩን ዘጋሁት። ፕራይማቲን ያኔ 30 ዶላር ገደማ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ማንንም ሳልለምን፣ ገብቼ ገዝቼ ወጣሁ። ልቤ መታ? አዎ መታ። እጄም መሪው ላይ ተንቀጠቀጠ። ግን ቤቴ ገባሁ።

እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሹፌር፣ ፓርኪንግ ሠራተኛ፣ የምሽት ጥበቃ ሁሉ ይሄ ፓፍ ኪሱ አለ ባልልም፣ የማያውቀው ግን ጥቂት ነው። ብራንዱን ያተረፈው ኩባንያው ብቻ አይደለም። እኛም ነን። መድኃኒቱ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን በሩ ክፍት ስለሆነ።

ዶክተር ከሚኒያፖሊስ
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው። አልከራከርህም። እኔ የምከራከረው ያንን በር «መፍትሔ» ብሎ ከሚጠራው ጋር ነው። ሳጥኑ ራሱ እኮ ሐኪም አስም አለብህ ካላለህ አትጠቀም ይላል። በ20 ደቂቃ ካልተሻለህ ሐኪም ጋ ሂድ ይላል። በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ከተነሣብህም እንዲሁ። ጽሑፉ ወደ እኔ ይልካል፤ ኪስህ ወደ ሱቁ ይልካል።

በ2018 ሲጸድቅ የኤፍዲኤው ኃላፊ ስኮት ጎትሊብ መግለጫ አውጥተው ነበር። የተፈቀደው ቀላልና አልፎ አልፎ ለሚነሣ አስም፣ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ቀድሞ በሐኪም ለተረጋገጠላቸው ብቻ ነው ብለዋል። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ባንኮኒው ጋ ያለች ካሸር ግን ይህን አትጠይቅም።

ገልማጩ
ደብተር፣ ሁሉም ጥሩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። 7 ዓመት ሽያጭ የሌለው ብራንድ እየቀለብክ የምትቆየው በምን ገንዘብ ነው? ትንሽ ኩባንያ እኮ በሁለተኛው «እንቢ» ላይ ይዘጋል።

ደብተር
ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

አምፋስታር በፕራይማቲን አይኖርም ነበር። ፕራይማቲን ነው በአምፋስታር የኖረው። ሴፕቴምበር 2011 ላይ፣ ማለትም ፓፉ ከመከልከሉ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኩባንያው ለኢኖክሳፓሪን ፈቃድ አገኘ። ደም እንዳይረጋ የሚወጋ፣ ሆስፒታል በብዛት የሚገዛው መርፌ ነው። ናሎክሶንም ይሸጣል፤ እንደ ሄሮይን ያሉ የኦፒዮይድ ዕፆችን ከመጠን በላይ የወሰደን ሰው የሚያነቃ ነው፤ የኦፒዮይድ ቀውሱ ሲከፋ የተፈለገው እሱ ነው። የቤት ኪራዩን የከፈሉት እነዚህ ናቸው። ሜይ 2014 ኤፍዲኤ ፕራይማቲንን መለሰ፤ ጁን 2014 ኩባንያው አክሲዮን ሸጠ። ብራንዱ የኩባንያው ብቸኛ ተስፋ ቢሆን ኖሮ በዚያ ወር ማን አክሲዮን ይገዛ ነበር?

አቋራጭም ተሞክሮ ነበር። በ2012 አዲሱ ምርት እስኪመጣ የተረፈው የሲኤፍሲ ክምችት ይሸጥ የሚል ረቂቅ ሕግ ኮንግረስ ቀረበ። የቴክሳሱ ተወካይ ማይክል በርጀስ ናቸው ያቀረቡት፤ እሳቸውም ሐኪም ናቸው። ሕግ ሳይሆን ቀረ።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልበል። ሁላችንም ሕጉ ብራንዱን ሊገድለው ነበር እንላለን። እውነት ነው፤ 7 ዓመት አውጥቶታል። ግን ሲመለስ ምን አገኘ? ዛሬ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ በኤፍዲኤ የጸደቀ የአስም ኢንሄለር (ፓፍ) እሱ ብቻ ነው። ሊፎካከር የሚፈልግ ሁሉ እህታችን የጻፈችውን መንገድ ከሀ ጀምሮ መሄድ አለበት። ኮሚቴው፣ የአጠቃቀም ጥናቱ፣ ሁለቱ «እንቢ»ዎች። ያቺ ውጣ ውረድ ለአምፋስታር ወጪ ነበረች፤ አሁን አጥር ሆናለታለች። ድሮ ማንም ሊሠራው የሚችል ርካሽ ዕቃ ነበር። ሕጉ ካንገላታው በኋላ ማንም የማይደፍረው ዕቃ ሆነ። ለእኔ ከ29.2 ሚሊዮኗ መስመር ጀርባ ያለው ስሌት ይሄ ነው። የገዙት ለደንበኛው ትዝታ ብለው ብቻ አይደለም።

ማታ ፈረቃ
አጥሩ ላይ ቀዳዳ ነበረ ግን። አስማኔፍሪንን ረሳኸው።

ፕራይማቲን በወጣ በዓመቱ፣ 2012 ላይ፣ ኔፍሮን የሚባል ኩባንያ አስማኔፍሪን ይዞ መጣ። ሬስኤፒኔፍሪን ነው፤ የዚያው ዘመድ። ፓፍ አይደለም። ፈሳሹን በትንሽ የባትሪ መሣሪያ ላይ ጨምረህ በጭጋግ መልክ ትስበዋለህ። ጋዝ የለውም፤ ስለዚህ የኦዞን ሕግ አይነካውም። የመጣው ደግሞ ቅድም ባልኩት በሞኖግራፉ በር ነው። ኮሚቴ የለም፣ ድምፅ የለም።

ደንበኛው ተንጋግቶ ሄደ። በዓመቱ ኤፍዲኤ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ አወጣ፤ የደረት ሕመም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መጨመር ሪፖርት ተደርጎ ነበር። አየህ፣ አጥሩ የቆመው ለኢንሄለር ነው። በጎን የሚገባ ሁልጊዜ አይጠፋም። ያኔ መስኮት ላይ የነበረ ፋርማሲስት ሁሉ «ፕራይማቲን የት ሄደ?» የሚለውን ጥያቄ በሕልሙም ይሰማው ነበር። ማስታወቂያ የማይሠራለት፣ ገበያ ላይ የሌለ ዕቃ በስሙ ሲጠራ ዓመታት ቆየ። ለስሙ የተቆረጠለትን ዋጋ እኔ አልጠራጠርም።

ገልማጩ
ታዲያ ለምን ሌላው የሞኖግራፍ በር አልተጠገነም?

ማታ ፈረቃ
ተነክቷል። በ2020 በኮቪድ ጊዜ የወጣው ኬርስ የሚባለው ሕግ ውስጥ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ መድኃኒት አንድ ክፍል ተሰክቷል። ሰው ሕጉን የሚያስታውሰው መንግሥት በላከለት የ1,200 ዶላር ቼክ ነው። ከዚያ ወዲህ ኤፍዲኤ ሞኖግራፍ የሚቀይረው በትእዛዝ ነው፤ ድሮ አንድ ደንብ ለመጨረስ አሥርት ዓመታት የፈጀበት ጊዜ አለ። አምራቾችም በየዓመቱ ክፍያ ይከፍላሉ። ለትልቁ የሻይ ገንዘብ ናት። ለትንሹ አምራች ግን ክፍያዋ የምትሰላው በፋብሪካ እንጂ በሽያጭ ስላልሆነ ታማለች። አንድ ቅባት ብቻ የሚሠራ ትንሽ ቤት ብራንዱን ለመሸጥ የሚያስበው እዚህ ጋ ነው።

አስመጪው ከአዲስ
እዚህ ያለነውም እያነበብን ነው። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን የእኛን ወገን ልጨምር።

በየሳምንቱ ከአሜሪካ የመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ የማላውቀው ፓፍ ይገኛል። «ይሄን አስመጣልን፣ ይሸጣል» ይሉኛል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ማንኛውም መድኃኒት ለንግድ ከመግባቱ በፊት በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ አዋጅ 1112/2011 ላይ በግልጽ አለ (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው)። ለመመዝገብ ደግሞ አምራቹ ራሱ ፋይሉን ማዘጋጀትና እዚህ ወኪል መሾም አለበት። አሜሪካ ብቻ የሚሸጥ ትንሽ ብራንድ ለአዲስ አበባ ብሎ ያን ሁሉ ወረቀት የሚጽፍበት ምክንያት የለውም። ሳልቡታሞል (እናንተ አልቡተሮል የምትሉት) ከተለያየ አገር ተመዝግቦ ይገባል፤ ዋጋውም አይቀራረብም። ስለዚህ የእናንተ ፕራይማቲን እዚህ የሻንጣ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም የሚወስደው ሰው ግፊት ይኑርበት አይኑርበት ማንም አይጠይቀውም። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ የሚያነብለትም የለም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ አዲሱ ጋዝስ እስከ መቼ ነው? እኛ ጋ ፍሪጅ ሠራተኞቹ ጋዝ ሊቀየር ነው እያሉ ነው።

ደብተር
ጥሩ ቦታ ነካህ። አዲሱ ጋዝ ኤችኤፍኤ-134ኤ ነው። መኪና ኤሲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የነበረው ራሱ ነው። ኦዞንን አይነካም፤ ግን ምድርን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 እጥፍ ይበልጣል። በ2016 የሞንትሪያሉን ስምምነት ወደ እንዲህ ዓይነት አሞቂ ጋዞች ያሰፋው የኪጋሊ ማሻሻያ መጣ። አሜሪካ በ2020 መጨረሻ ኤም አክት የሚባል ሕግ አወጣች፤ እነዚህን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ትቀንሳለች። ኢንሄለር ለጊዜው ልዩ ድርሻ ተሰጥቶታል። «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ስሰማ 2008 ትዝ ይለኛል።

ትልልቆቹ ከወዲሁ ጀምረዋል። አስትራዜኔካና ኪየዚ ብዙም የማያሞቅ አዲስ ጋዝ ላይ እየሠሩ ነው። ለእነሱ በቢሊዮን የሚሸጥ ፓፍ አለ፣ ወጪውን ይችለዋል። ፕራይማቲን ሌላ የጋዝ ለውጥ ቢመጣበት እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና ምናልባት ኮሚቴ። ልዩነቱ አሁን 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገባ ዕቃ ነው። በ2008 እንደዚያ አልነበረም።

ሹፌሩ ዲሲ
አይ፣ አይሆንም! ሌላ 7 ዓመት?

ዶክተር ከሚኒያፖሊስ
እስከዚያ ጠቃሚ ነገር ልስጥህ። በ2024 ሦስት ትልልቅ የኢንሄለር አምራቾች፣ ቦህሪንገር፣ አስትራዜኔካና ጂኤስኬ፣ ሰው ከኪሱ የሚከፍለውን በወር 35 ዶላር ላይ እንደሚያቆሙ አስታውቀዋል። ኢንሹራንስ ለሌለውም የሚሆን ፕሮግራም አላቸው። ማዘዣ ያስፈልጋል፣ እሱ አልቀረም። ግን 35 ዶላር ከፕራይማቲን ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ውስጡ ስቴሮይድ ያለበትን ልታገኝ ትችላለህ።

ሹፌሩ ዲሲ
ይሄን ማንም አልነገረኝም። ማዘዣውን ግን ከየት? ያው መልሰው ክሊኒክ ሊልኩኝ ነው።

ማታ ፈረቃ
ወንድሜ፣ በገቢህ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ በፌዴራል መንግሥት የሚደገፉ። ዲሲም ሜሪላንድም ሞልተዋል። ስትደውል «በገቢ ነው የምከፍለው» በል፤ ብዙ ቦታ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኙሃል፣ በነፃ። ሄደህ ስታገኘው ፕራይማቲን እንደምትጠቀም፣ በሳምንት ስንቴ እንደሆነም ንገረው። የድብርት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነም አትደብቅ፤ አንዳንዶቹ ከኤፒኔፍሪን ጋር አይስማሙም። የያዝከውን ፓፍ እስከዚያ አትጣለው፤ ብቻ ማታ ማታ እጠበው።

ሹፌሩ ዲሲ
አጥቤው አላውቅም። ሰኞ እደውላለሁ።